ግማሽ ሚሊ ሜትር፦ የቤንዚን ትነት ፍተሻ ታሪክ

ቤንዚን በተለመደው የቀን ሙቀት ሳይነድ የሚተን ፈሳሽ በመሆኑ ሞተሩ ጠፍቶ የቆመ መኪናም አየር ይበክላል፤ ይህ እውነታ ግን በመኪና ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ማንንም ሳያሳስብ ቆይቷል። የነዳጅ ሰልባቲዮው ክዳን፣ ትነቱ እንዲወጣና በተቃጠለው ቤንዚን ምትክ አየር እንዲገባ ታስቦ ቀዳዳ ይበጅለት ነበር፤ ቤንዚንንና አየርን የሚያደባልቀው ካርቡራተርም ሞተሩ ከጠፋ በኋላ፣ በተረፈው ሙቀት ምክንያት በውስጡ የቀረውን ነዳጅ በቀጥታ ወደ ውጭ ያተን ነበር። ስለዚህ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሽንቁር የሚባል ጉድለት ሊኖር የቻለው፣ ሥርዓቱ እንዲዘጋ በሕግ ከታዘዘ በኋላ ነው።

ትእዛዙ የመነጨው ከሎስ አንጀለስ ነው። በተራሮችና በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል የተዘረጋችውን ይህችን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ ዐይን የሚያቃጥልና ጉሮሮ የሚከረክር ጭጋግ በተደጋጋሚ ሲሸፍናት፣ ጥርጣሬው በቅድሚያ ያረፈው በፋብሪካዎች ላይ ነበር። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም (ካልቴክ) የአናናስን ጣዕም ኬሚስትሪ ያጠና የነበረው ኔዘርላንድስ የተወለደው ባዮኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ሃይድሮካርቦን የሚባሉት የካርቦንና የሃይድሮጂን ውሁዶች ከናይትሮጂን ኦክሳይዶች ጋር በፀሐይ ብርሃን ሲገናኙ ኦዞንን እንደሚያስገኙ አሳየ፤ የእነዚህ ሃይድሮካርቦኖች አንዱ ዋነኛ ምንጭም ቤንዚን ነበር። ኦዞን የተወጠረ ላስቲክን የመሰንጠቅ ባሕርይ ስላለው፣ የብክለቱ መጠን በዚያን ጊዜ በላስቲክ ላይ በሚታየው ስንጥቅ ይለካ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ትነቱን እንዲይዙ የተገጠሙት የላስቲክ ቱቦዎችም በዚሁ ኦዞን የሚጎዱ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባዋል።

በ1960ዎቹ በተደረጉ ግምቶች፣ ቁጥጥር ካልተደረገበት መኪና ከሚወጣው ሃይድሮካርቦን አንድ አምስተኛ ያህሉ በትነት የሚያመልጥ እንደሆነ ተደረሰበት። ካሊፎርኒያ ከ1970 ሞዴል፣ መላው አሜሪካ ደግሞ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ትነቱ እንዲታፈን አዘዙ። አንዳንድ አምራቾች መጀመሪያ ትነቱን ወደ ሞተሩ የዘይት ክፍል መርተው ለማቆየት ቢሞክሩም፣ ጸንቶ የቀረው መፍትሔ የከሰል መያዣው ነው፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀው ከሰል በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ትነቱን ስቦ ይይዝና፣ ሞተሩ ሲነሣ በሚፈጠረው የመሳብ ኃይል የያዘውን መልሶ ወደ ሞተሩ ይለቃል፣ ትነቱም በዚያው ይቃጠላል። ይህን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው የመጥረጊያ ቫልቭ፣ ለከሰሉ ንጹሕ አየር የሚያስገባው ደግሞ የመተንፈሻ ቫልቭ ነው።

ሥርዓቱ በትክክል መዝጋቱን ለማወቅ ኋላ ላይ የተለመደው ዘዴ፣ መኪናውን አየር በማያስገባ ክፍል ውስጥ ዘግቶ በክፍሉ የሚከማቸውን ሃይድሮካርቦን መለካት ነበር። በዚህ ፍተሻ የሰልባቲዮው ቤንዚን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ15.6 ወደ 28.9 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሞቅ እየተደረገ የአንድ ቀን ሙቀት ይመሰል ነበር፤ የሚፈቀደው መጠንም በ1978 ሞዴል ከነበረበት 6 ግራም በ1981 ወደ 2 ግራም ዝቅ ብሏል። ዘዴው ለላቦራቶሪ የተመቸ ቢሆንም የሚመሰክረው ለተፈተሸው መኪና ብቻ ነበር፤ ከሽያጭ በኋላ ዓመታትን ያስቆጠረ መኪና ቱቦው ቢሰነጠቅ፣ የመሙያ አንገቱ በዝገት ቢበላ ወይም ክዳኑ ቢጠፋ የሚያውቀው አልነበረም፤ ሽታው ከመጠን ሲያልፍ ካልሆነ በቀር ሹፌሩም አይነቃም። ትልቁ ክፍተት ይህ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በየጊዜው በሚደረገው የመኪና ምርመራ ላይ የሰልባቲዮ ግፊት ፍተሻ እንዲጨመር ቢያዝም፣ ቱቦዎችን መንቀልና መልሶ መግጠም አስቸጋሪ ስለነበር፣ በብዙ ጣቢያዎች በተግባር የቀረው ክዳኑን ብቻ ነጥሎ መፈተሽ ነው።

ክፍተቱን የደፈነው ኦቢዲ ሁለት የተባለው፣ መኪናው የራሱን ብክለት መቆጣጠሪያ በኮምፒውተር እንዲከታተል የሚያስገድደው ደንብ ነው። በ1996 ሞዴል በመላው አሜሪካ ሙሉ በሙሉ የጸናው ይህ ደንብ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሽንቁር እንዲታወቅ ይጠይቅ ነበር፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2000 ሞዴል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር አወረደችው። ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ የቀዳዳው ገጽ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ከልብስ መርፌ የሚቀጥነውን ይህን ቀዳዳ ለይቶ ማወቅ ከቀድሞው እጅግ የከበደ ሥራ ሆነ። ኮምፒውተሩ ሽንቁርን የሚለየው በሰልባቲዮው ያለውን ግፊት በመለካት ነው፤ የሞቀ ቤንዚን ግን ራሱ ግፊት ይፈጥራል፤ ሲናወጥም ንባቡን ያዛባል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚፈትሸው ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣና ሰልባቲዮው በጣም ሳይሞላ በጣምም ሳይጎድል ሲቀር ነው፤ የማስጠንቀቂያው መብራትም የሚበራው ጉድለቱ በተከታታይ ጉዞዎች ከተደገመ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ቱቦ የቀየረ መካኒክ ጥገናው መስመር መያዙን ከኮምፒውተሩ ለማረጋገጥ ቀናት ሊጠብቅ ይችላል።

አምራቾች ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ የተለያየ ነበር። አንዳንዶቹ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሰልባቲዮው ሲቀዘቅዝ በተፈጥሮ የሚፈጠረውን የግፊት ለውጥ ይለካሉ፤ ጥብቅ የሆነ ሥርዓት ግፊቱን ይለውጣል፣ ሽንቁር ያለበት ግን ከውጭው አየር ጋር እኩል ይሆናል። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ያለው ዘዴ፣ ከሁሉም ይልቅ ብልሃት የታየበት ሊባል ይችላል፤ ሞተሩ ከጠፋ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ ትንሽ ፓምፕ ራሷ ትነሣና፣ በቅድሚያ በውስጧ ካለው የግማሽ ሚሊ ሜትር መለኪያ ቀዳዳ አየር ትስባለች፤ ቀጥላም ከሰልባቲዮው ትስባለች፤ ሁለቱን ግፊቶች በማነጻጸርም ትፈርዳለች። ከፍታውና የአየሩ ሁኔታ ሁለቱንም ልኬቶች በእኩል ስለሚነካቸው ፍርዱ አይዛባም።

ኮምፒውተሩ ግን ሽንቁር መኖሩን እንጂ የቱ ጋ እንዳለ አይናገርም። ፒ0442 የተባለው ኮድ ትንሽ፣ ፒ0456 ደግሞ እጅግ ትንሽ ሽንቁርን ሲያመለክቱ፣ ከሰልባቲዮው እስከ ሞተሩ የተዘረጋው የቱቦና የመገጣጠሚያ መስመር በሙሉ ተጠርጣሪ ሆኖ ይቀራል። የሳሙና ውሃና ሃይድሮካርቦን የሚያሸት መሣሪያ ለትልልቁ ቢበቁም ለግማሽ ሚሊ ሜትሩ አልደረሱም፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ በጋራዦች የተስፋፋው የጭስ ማሽን ሥራውን የለወጠው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ማሽኑ የማዕድን ዘይትን አሙቆ ወደ ነጭ ጭስ ይለውጥና በአነስተኛ ግፊት ወደ ሥርዓቱ ያስገባል፤ የማይታየው ትነት የሚያመልጥበት ቀዳዳ በዐይን በሚታይ ጭስ ይገለጣል። ግፊቱ ከፍ ቢል ክፍሎቹን ይጎዳል፤ አየር ከቤንዚን ትነት ጋር ተቀላቅሎ ሊነድ ስለሚችልም ጠንቃቃ ባለሙያዎች በአየር ፋንታ ናይትሮጂን ይጠቀማሉ። ጭሱን ከማስገባት በፊት የመጥረጊያ ቫልቩን ማኅተም መፈተሽ እጅግ ይመከራል፤ በዚያ የሚያልፍ ጭስ ወደ ሞተሩ ውስጥ ስለሚገባ ከውጭ ተፈልጎ አይገኝም።

የዚህ ሥርዓት ስሱነት በ2011 ባልተጠበቀ መንገድ ታይቷል። በዚያ ዓመት ማዝዳ፣ ቢጫ የሸረሪት ዝርያ በመተንፈሻ ቱቦው ውስጥ ድር እያደራ አየር ስለዘጋበት 65,000 ገደማ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል፤ የታፈነው ሰልባቲዮ በሚፈጠርበት የመሳብ ኃይል ሊሰነጠቅ ይችል ነበርና።

የግማሽ ሚሊ ሜትሩ ግዴታ በመሠረቱ አሜሪካዊ ነው፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ የሚነዱ ኢትዮጵያውያን የማስጠንቀቂያው መብራት በርቶ የብክለት ምርመራ ማለፍ ስለማይችሉ ጠንቅቀው ያውቁታል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ከሰሉ ቢኖራቸውም የሽንቁር ክትትሉ አልተገደደባቸውም፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ እነዚህ ኮዶች የሚገኙት በአብዛኛው ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ ነው። በዚያም ላይ የአሜሪካ ደንብ ከ2,400 ሜትር በላይ ክትትሉ እንዲቆም ለአምራቾች ይፈቅዳል፤ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ደግሞ ከዚህ መስመር በታችም በላይም ያርፋሉ። የአየር ግፊት ዝቅ ሲል ቤንዚን ይበልጥ ስለሚተን፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ትነቱ ሲጨምር የኮምፒውተሩ ክትትል ሊቋረጥ ይችላል፤ በዚያ ከፍታ ሽንቁሩን ለማግኘት መካኒኩ የሚተማመነው በጭስ ማሽኑና በአፍንጫው ላይ ነው።