ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ያገለገለ ወርክስቴሽን

ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ወርክስቴሽን በአንድ ማዘርቦርድ ላይ በየሶኬታቸው የተቀመጡ ሁለት ፕሮሰሰሮች እንደ አንድ የሚሠሩበት፣ ለከባድ የሙያ ሥራ የተዘጋጀ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው። ለመሐንዲሶች፣ ለፊልም አቀናባሪዎች፣ ለአርክቴክቶችና ለተመራማሪዎች ታስቦ ስለሚመረት አዲስ ሳለ ዋጋው ከተራ ኮምፒውተር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ትልልቅ ድርጅቶች ግን ማሽኖቻቸውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአዲስ ይተካሉ። ያን ጊዜ ገና ብዙ ሊሠራ የሚችለው ማሽን ወደ ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ይወጣና ዋጋው እጅግ ይወርዳል። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ራም፣ የራሱ የካርድ ስሎቶችና የራሱ ማቀዝቀዣ ስላለው ማሽኑ በውስጡ ለሁለት የተከፈለ ነው። ይህን ክፍፍል ሳያውቅ የገዛ ሰው የሁለት ፕሮሰሰር ዋጋ ከፍሎ የአንዱን ጥቅም ብቻ ሊያገኝ ይችላል።

የሁለቱ ግማሾች አሠራር

ሁለት ፕሮሰሰር ያላቸው የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች የተስፋፉት ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ፔንቲየም ፕሮን ካወጣና ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤንቲን ካዳበረ በኋላ ነው። ለቤት ተጠቃሚዎች የተሠሩት ዊንዶውስ 95 እና 98 ሁለተኛውን ፕሮሰሰር መጠቀም አይችሉም ነበር። አቢት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ቢፒ 6 ማዘርቦርድ ሁለት ርካሽ ሴሌሮን ፕሮሰሰሮችን አንድ ላይ በማሠራቱ በአማተሮች ዘንድ ስም አተረፈ። በዚያ ዘመን ሁለቱም ፕሮሰሰሮች ወደ ራም የሚደርሱት በአንድ የጋራ መስመር ስለነበር መስመሩ ሲጨናነቅ አንዱ ሌላውን ይጠብቅ ነበር።

ይህን የለወጠው የኤኤምዲ ኦፕቴሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ይህ ፕሮሰሰር የራም መቆጣጠሪያውን በራሱ ውስጥ ያዘ። ኢንቴልም በመጋቢት 2009 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዚዮን 5500 ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ የማሽኑ ራም ግማሹ ለአንደኛው፣ ግማሹ ለሁለተኛው ፕሮሰሰር በቅርብ ይገኛል። አንዱ ፕሮሰሰር በሌላው ዘንድ ያለ መረጃ ሲፈልግ ሁለቱን በሚያገናኘው ፈጣን መስመር ጠይቆ ማግኘት ይችላል፤ ይሁንና ከራሱ ራም ከማንበብ የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል። ይህ አሠራር ኑማ ይባላል። ዘመናዊ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ኑማን ስለሚያውቁ ሥራው ባለበት ፕሮሰሰር አጠገብ ራም ለመስጠት ይጥራሉ፤ ጥረታቸው የሚሳካው ግን ራሙ ለሁለቱም በእኩል ከተከፋፈለ ነው።

ትውልዶቹ

ባገለገሉ ዕቃዎች ገበያ በብዛት የሚገኙት የኢንቴል ዚዮን ኢ 5-2600 ቤተሰብ የሆኑ ማሽኖች ናቸው። ከስያሜው ሰረዝ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው አኀዝ ወሳኝ ነው፤ 2 ከሆነ ፕሮሰሰሩ ከአቻው ጋር በጥንድ ይሠራል፣ 1 ከሆነ ብቻውን እንጂ በጥንድ አይሠራም። ስለዚህ ኢ 5-1650ን ሁለት ገዝቶ ማጣመር አይቻልም።

የመጀመሪያው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፤ እስከ 8 ኮር፣ ማለትም ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል፣ አለው። በ2013 የመጣው ቪ 2 እስከ 12 ኮር ደረሰ። ሁለቱም ዲዲአር 3 ራም ይጠቀማሉ። የ2014ቱ ቪ 3 እስከ 18፣ የ2016ቱ ቪ 4 ደግሞ እስከ 22 ኮር ሲይዙ ሁለቱም ወደ ዲዲአር 4 ተሻግረዋል። ኤችፒ ዜድ 820፣ ዴል ፕሪሲዥን ቲ 7600 እና ቲ 7610 የፊተኞቹ ማደሪያ ናቸው፤ ዜድ 840፣ ዴል ቲ 7910 እና ሌኖቮ ፒ 900 የኋለኞቹ። የሁለቱ ዘመን ሶኬቶች ስማቸው ቢቀራረብም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጣው ዚዮን ስኬለብል፣ ለምሳሌ በኤችፒ ዜድ 8 ጂ 4 ውስጥ ያለው፣ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ስድስት የራም መስመር ሰጥቷል፤ ኢ 5 ያለው አራት ነው።

ከኮር ብዛት ሌላ መታየት ያለበት ፕሮሰሰሩ የሚያውቃቸው የስሌት ትእዛዞች ናቸው። ከኢ 5 በፊት የነበሩት 5500 እና 5600 ኤቪኤክስ የተባለውን ትእዛዝ አያውቁም። ኢ 5 እና ቪ 2 ኤቪኤክስን፣ ቪ 3 እና ቪ 4 ደግሞ ኤቪኤክስ 2ን ያውቃሉ። ይህ የወረቀት ልዩነት ብቻ አይደለም፤ ለምሳሌ ለማሽን ትምህርት የሚያገለግለው ቴንሰርፍሎው ከ1.6 እትሙ ጀምሮ ተዘጋጅቶ የሚወርደው ፕሮግራም ኤቪኤክስ በሌለው ማሽን ላይ አይነሣም። በዚህ ምክንያት ኤችፒ ዜድ 800ን የመሰለ የ2009 ዘመን ማሽን በነፃ ካልተገኘ በስተቀር ገንዘብ ሊወጣበት አይገባም። ዛሬ ለሚገዛ ሰው የቪ 3 እና የቪ 4 ማሽን ከዋጋውም ከአቅሙም አንጻር የተሻለው መካከለኛ ምርጫ ነው።

ለየትኛው ሥራ ይበጃል

ብዙ ኮር ያለው ማሽን የሚፈጥነው ሥራው ሊከፋፈል ከቻለ ብቻ ነው። የኮምፒውተር ሊቁ ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው ሐሳብ ይህን በስሌት ያሳያል፤ ከአንድ ሥራ 90 በመቶው ሊከፋፈል ቢችልና የቀረው 10 በመቶ በተራ መሠራት ቢኖርበት፣ 28 ኮር ተሰማርቶ የሚገኘው ፍጥነት 7 እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ኮሩ ቁጥር ስፍር ባይኖረውም ከ10 እጥፍ አያልፍም።

ብዙ ኮር ባለው ፕሮሰሰር ውስጥ እያንዳንዱ ኮር ለብቻው ሲታይም ሰነፍ ነው። ኢ 5-2699 ቪ 4 22 ኮር ቢኖረውም መነሻ ፍጥነቱ 2.2 ጊጋሄርትዝ ነው፤ ኢ 5-2643 ቪ 4 ግን 6 ኮር ብቻ ይዞ በ3.4 ጊጋሄርትዝ ይሠራል። ባለ ሦስት አውታር ምስል ብሌንደር በተባለው ፕሮግራም ማውጣት፣ የፈሳሽና የአየር ፍሰት ስሌት፣ የዘረ መል ትንተና፣ በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን ማስነሣት ብዙ ኮርንና ብዙ ራምን በሚገባ ይጠቀማሉ። የቢሮ ሥራ፣ ጨዋታና አብዛኛው የንድፍ ሥዕል ግን ጥቂት ፈጣን ኮር ይሻሉ፤ ለእነዚህ አዲስ ተራ ኮምፒውተር ይሻላል። ወርክስቴሽኑን ተራ ኮምፒውተር የማይተካከለው በራም ስፋት ነው። ዜድ 820 16 የራም ስሎት አለው፤ እስከ 512 ጊጋባይት ይቀበላል። ያገለገለ የሰርቨር ራም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተራው ራም ይረክሳል፤ ተራ ኮምፒውተሮች ስለማይቀበሉት የሚሻማው ሰው ጥቂት ነው።

ከመግዛት በፊት

ብዙ ማሽኖች የሚሸጡት አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ይዘው ነው። ሁለተኛውን በኋላ መጨመር ቀላል ይመስላል፤ ፕሮሰሰሩ ራሱም ርካሽ ነው። ውድና አስቸጋሪ የሚሆነው አብሮት የሚያስፈልገው ነው። ሙቀት የሚያስወግደው ብረት፣ ሂት ሲንኩ፣ እና ፋኑ ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠሩ በመሆናቸው በሌላ መተካት ያዳግታል። በኤችፒ ዜድ 620 እና ዜድ 640 ደግሞ ሁለተኛው ፕሮሰሰር የራሱ የራም ስሎቶች ባሉት በተለየ ተሰኪ ቦርድ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ቦርዱ ካልተገኘ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ሁለቱም ፕሮሰሰሮች ከነማቀዝቀዣቸው የተሟሉለት ማሽን ዋጋው ጥቂት ቢጨምር እንኳ ይመረጣል።

ዜድ 820 የራሱ ወጥመድ አለው። ቀደም ብለው የተሠሩት የቪ 2 ፕሮሰሰርን አይቀበሉም፤ የሚለዩትም ማሽኑን በሚያስነሣው ባዮስ የተባለ ፕሮግራም ውስጥ ባለው የቡት ብሎክ ቀን ነው። ቀኑ 2013ን ካሳየ ቪ 2 ይሠራል፣ 2011ን ካሳየ አይሠራም። ይህ ክፍል በተለመደው የባዮስ ማሻሻያ ስለማይለወጥ፣ ገዢው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የዚህን ገጽ ፎቶ ከሻጩ መጠየቅ ይገባዋል።

ማሽኑን በአካል ማየት የሚቻል ከሆነ በቅድሚያ ባዮሱ በይለፍ ቃል አለመቆለፉ ይረጋገጣል፤ የተቆለፈ ባዮስ መክፈት በአንዳንድ ሞዴሎች ማዘርቦርድ እስከ መቀየር ያደርሳል። ቀጥሎ የተሰካው ራም ሁሉ በባዮስ ውስጥ መታየቱ ይመረመራል። ከአንዱ ፕሮሰሰር ወገን የሆነ ራም ከጎደለ ጥፋቱ ከራሙ ይልቅ ከሶኬቱ ሊሆን ይችላል፤ በሶኬቱ ውስጥ ያሉት 2011 ቀጫጭን መርፌዎች በትንሽ ንክኪ ይጣመማሉ። ከሶኬቶቹ አንዱ ባዶ ከሆነ መሸፈኛ ክዳኑ ተነሥቶ በባትሪ ብርሃን መታየት አለበት። በላዩ ላይ የኢንቴል ምስጢር መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ የተቀረጸበት ፕሮሰሰር ለሙከራ የተሠራ ናሙና ስለሆነ አይገዛም። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማዘርቦርዱና የራሙን አየር የሚመሩት የፕላስቲክ መሸፈኛዎች በገበያ ካሉ ተራ ዕቃዎች ጋር አይለዋወጡም፤ አንዱ ከጎደለ የግዢው ዋጋ ሊቀንስ ይገባል። ሃርድ ዲስክ ግን ቢጎድል አያሳስብም፤ ለዓመታት የዞረ ዲስክ ከመነሻውም በኤስኤስዲ ሊተካ የሚገባው ነው።

ክብደቱም በግዢው ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ዜድ 820 እና ዜድ 840 ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ፤ ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ በሻንጣ ለሚልክ ዘመድ አንዱ ማሽን የአንድ ሻንጣን የ23 ኪሎ ግራም ፈቃድ ሊሞላ ወይም ሊያልፍ ይችላል። በጉዞ ላይ ግራፊክስ ካርዱ ተነቅሎ ለብቻው ሊታሸግ ይገባል፤ በስሎቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ከተናወጠ ማዘርቦርዱን ሊሰብር ይችላል።

መገጣጠምና ማዋቀር

ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት አቧራው ይጠረጋል፣ የማዘርቦርዱ ሲአር 2032 ባትሪ ይቀየራል፣ በፕሮሰሰሮቹና በሂት ሲንኮቹ መካከል ያለው የደረቀ ቴርማል ፔስትም ተጠርጎ በአዲስ ይተካል። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች አንድ ዓይነት ሞዴል መሆን አለባቸው። ከቪ 3 ወደ ቪ 4 የሚሸጋገር ሰው ባዮሱን የሚያሻሽለው የቀድሞው ፕሮሰሰር በቦታው ሳለ ነው፤ አዲሱን አስቀድሞ ከሰካ ማሽኑ ላይነሣ ይችላል። ባዮስ እየተሻሻለ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ስለሚችል ይህ ሥራ ዩፒኤስ የተባለው የመጠባበቂያ ባትሪ ሳይኖር አይሞከርም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የራም አደራደር ነው። ሬጂስተርድ ራም፣ ሬጂስተርድ ያልሆነ ራምና ሎድ ሪዲውስድ የሚባለው በአንድ ማሽን አይቀላቀሉም። ኢ 5 ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር አራት የራም መስመር ስላለው፣ 64 ጊጋባይት የሚፈልግ ሰው ስምንት ባለ 8 ጊጋባይት ራም ገዝቶ አራቱን በአንደኛው፣ አራቱን በሁለተኛው ወገን ቢሰካ መስመሮቹ ሁሉ ይሠራሉ። ሁለት ባለ 32 ጊጋባይት ራም ቢሰካ መጠኑ እኩል ሆኖ ሳለ ራም የማንበቢያው ስፋት ወደ ሩብ ይወርዳል። ራሙ ሁሉ በአንድ ወገን ከታጨቀ ደግሞ ሁለተኛው ፕሮሰሰር ለእያንዳንዱ ንባብ ጎረቤቱን ሲለምን ይውላል። የትኛው ስሎት ቀድሞ እንደሚሞላ በብዙ ሞዴሎች የጎን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ተሥሏል።

የካርድ ስሎቶቹም እንዲሁ የተከፋፈሉ ናቸው። እያንዳንዱ ኢ 5 ፕሮሰሰር 40 የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሮች አሉት፤ ሁለተኛው ፕሮሰሰር ከሌለ አንዳንድ ስሎቶች ይሞታሉ። ዜድ 820ን የመሰሉ ማሽኖች በካርድ ስሎት ከሚሰካ፣ ኤንቪኤምኢ ከተባለ ፈጣን ዲስክ በቀጥታ አይነሡም፤ በእነዚህ ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በተራ ሳታ ኤስኤስዲ ላይ ይጫንና ኤንቪኤምኢው ለሥራ ፋይሎች ይውላል።

በባዮስ ውስጥ ማሽኑ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ከተመለሰ በኋላ ቨርቹዋላይዜሽን ይከፈታል። የራሙን ድንበር አፍርሶ አንድ ወጥ የሚያስመስለው ኖድ ኢንተርሊቪንግ የሚባለው ምርጫ ግን ተዘግቶ ይቆያል፤ ከተከፈተ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የትኛው ራም ለየትኛው ፕሮሰሰር ቅርብ እንደሆነ ማወቅ አይችልም።

ከዊንዶውስ እትሞች መካከል ሆም የሚባለው አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ይቀበላል፤ ፕሮ ሁለት። የኢ 5 ቤተሰብ ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚደግፋቸው ውስጥ የለም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 14 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) አብቅቷል። ሥራው ከዊንዶውስ ጋር ላልታሰረ ሰው ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ሊነክስ የበለጠ ዕድሜ ይሰጠዋል። በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር የአፈጻጸም ገጽ ላይ የሶኬት ቁጥር 2 ሆኖ መታየት አለበት፤ በሊነክስም የፕሮሰሰር መረጃ ሲዘረዘር ሁለት ሶኬትና ሁለት የኑማ ኖድ ይነበባል። ከዚህ በኋላ ራሙ በሜምቴስት 86 ፕላስ ሌሊቱን ሙሉ ይፈተሻል፣ ሁለቱም ፕሮሰሰሮች ለሰዓታት በሙሉ አቅም እንዲሠሩ ተደርጎም ሙቀታቸው ይነጻጸራል። አንዱ ከሌላው በብዙ ከጋለ ሂት ሲንኩ በትክክል አልተቀመጠም፤ ወይም ፋኑ ደክሟል።

ኤሌክትሪክ

እንደ ኢ 5-2690 ቪ 4 ያሉ ባለ 135 ዋት ሁለት ፕሮሰሰሮች ብቻቸውን እስከ 270 ዋት ይፈጃሉ፤ ግራፊክስ ካርዱ ለብቻው ነው። በአማካይ 150 ዋት እየወሰደ ቀንና ሌሊት የሚበራ ማሽን በወር 108 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። አብዛኞቹ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ከአሜሪካ የመጣው በኢትዮጵያ 220 ቮልት ገመዱ ብቻ ተቀይሮ ይሠራል፤ ቢሆንም በጀርባው የተለጠፈው ጽሑፍ መነበብ አለበት። ለቤት ኮምፒውተር የሚሸጠው ትንሹ ዩፒኤስ ይህን ማሽን በሙሉ ጭነት አይሸከምም። የሚመረጠው ማሽኑ ሲጨነቅ የሚወስደውን ዋት በልኬት አረጋግጦ፣ ከዚያ በላይ ዋት የሚችል፣ የሚያወጣውም ሞገድ ንጹሕ ሳይን የሆነ ዩፒኤስ ነው፤ የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ በደረጃ የተቆራረጠ ሞገድ ሲደርሰው ወዲያው ሊጠፋ ይችላል።