ፊደላችንና የቦሌ ኢንተርኔት ቤቶች

ጽሕፈት የአንድ ሕዝብ የትዝታ ማኅደር ነው። የማኅደሩ ዕድሜ ግን በመሣሪያው ይወሰናል። ብራናው፣ ማተሚያውና የጽሕፈት መኪናው በየዘመናቸው ለፊደላችን የየራሳቸውን ጥያቄ አቅርበዋል። የኢንተርኔት ዘመን ያቀረበውን ጥያቄ ለመረዳት የአዲስ አበባን ምሥራቃዊ ክፍል፣ በተለይም የቦሌን ጎዳና መለስ ብሎ መቃኘት ይጠቅማል።

በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በጥር ወር 1989 ዓ.ም. ነው። በተከታዮቹ ዓመታት ከመስቀል አደባባይ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ፣ በሃያ ሁለትና በመገናኛ አካባቢ የኢንተርኔት ቤቶች ተከፈቱ። በቤቱ ኮምፒውተር ያልነበረው ተማሪ፣ ሥራ ፈላጊና ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ሁሉ በደቂቃ ሒሳብ እየከፈለ ይገለገልባቸው ነበር።

ይሁን እንጂ ደንበኛው በገዛ ቋንቋው የተጻፈ ገጽ ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው የላቲን ሆሄያትና የምልክቶች ድብልቅ፣ ወይም የባዶ ሣጥኖች ሰልፍ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥርን እንጂ ፊደልን አይደለም። የቀድሞዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች ለላቲን ሆሄያት በተመደቡት ቁጥሮች ላይ የእኛን ፊደል መልክ ያለብሱ ነበር። ቦታው ከ256 አይበልጥም፤ ፊደላችን ግን ከነዲቃሎቹ፣ ከነአኃዙና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከዚያ ይበልጣል። በዚህም ላይ አንዱ ባለሙያ የመረጠውን አቀማመጥ ሌላው አይከተለውም። ስለዚህ በአንድ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ድርሰት በጎረቤቱ ኮምፒውተር ላይ አይነበብም ነበር።

ጥያቄው በመሠረቱ አዲስ አልነበረም። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስማማት በደከሙበት ዘመንም ለጥቂት የላቲን ሆሄያት የተሠራ ገበታ ይህን ሁሉ ቅርጽ እንዴት ይሸከም የሚለው ነበር ያስቸገረው። በመኪናው የተገኘው መፍትሔ የፊደሉን አካልና ቅጥያ ለየብቻ እየመቱ ማጋጠም ሆነ። ፊደሉም ዋጋውን በመልኩ ከፈለ።

በኮምፒውተሩ ዘመን ትግሉ ከባሕር ማዶም ተካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በላቲን ሆሄያት በሥርዓት ለመወከል የሚያስችለውን፣ በምሕጻር «ሴራ» የተባለውን ዘዴ አዘጋጁ። ዘላቂው መፍትሔ የመጣው ግን የዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚያገኙበት በዩኒኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች ቦታቸውን ያዙ። «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610 እያሉ በፊደል ገበታው ሥርዓት ተሰለፉ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2007 ለሰፊው ገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ፤ «አቢሲኒካ» የተባለውም ያለ ክፍያ ታደለ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለዕለት ተዕለት ተጠቃሚው ቀላልና ጠቃሚ ነው። ባዶ ሣጥን ያየ ሰው የጎደለው የፊደል ቅርጽ መሆኑን ዐውቆ ይጫን። የላቲን ድብልቅ ያየ ደግሞ ጽሑፉ በቀድሞ መጻፊያ የተሠራ መሆኑን ይረዳ፤ ያንኑ መጻፊያ ፈልጎ ያንብበው፣ በመለወጫ ፕሮግራምም ወደ ዩኒኮድ ያሻግረው። አንድን ቃል ፈልጎ ያጣ ሰው በሌላው ሞክሼ ፊደል ይሞክር፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለመሣሪያው ሁለት ቃላት ናቸውና።

የእጅ ስልክ ከተስፋፋ ወዲህ የቦሌ ኢንተርኔት ቤቶች የቀድሞ ደንበኞቻቸውን አጥተዋል። በእነርሱና በአካባቢው ጽሕፈት ቤቶች የተጻፉት ግጥሞች፣ ተውኔቶችና ደብዳቤዎች ግን ዛሬም በአሮጌ ዲስኮች ላይ በተረሳ ቁጥር ታስረው ሊገኙ ይችላሉ። ብራና ቢያረጅም ለዓይን ይነበባል፤ መጻፊያው የጠፋ ጽሑፍ ግን ሳያረጅ ይደነቁራል። ስለሆነም በመሳቢያው እንዲህ ያለ ዲስክ ያለው ደራሲ ሁሉ ጽሑፉን ዛሬውኑ ወደ ጋራው ፊደል ሊያሻግረው ይገባል። አያና ብሩ ለደከሙበት ፊደል ይህ ትንሹ ውለታ ነው።