የመንገደኛው ገበና፦ ከድርጎ እስከ ካርድ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስማዳ ውስጥ፣ ወገዳ ከተማ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ወገዳን ለማያውቅ አንባቢ፣ በደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ ከጋይንትና ከእስቴ ጋር የሚዋሰነው የስማዳ ወረዳ ከተማ ናት። አንድ ጊዜ ለአምስት ቀን ሥልጠና ባሕር ዳር ተላክሁ። ሥልጠናው ሲያልቅ በቀጥታ አልተመለስሁም። ለራሴ ጉዳይ፣ በራሴ ገንዘብ፣ ቅዳሜና እሑድን ጎንደር አደርሁ። ከዚያም በደብረ ታቦር በኩል ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

ሒሳብ ላወራርድ ስቀርብ የሥልጠናውን የምስክር ወረቀት፣ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤና የአውቶቡስ ትኬቶቼን አያይዤ አቀረብሁ። የጠየቅሁት የባሕር ዳሩን መንገድ ዋጋ ብቻ ነው፤ ከጎንደሩ አንዲት ሳንቲም አልጨመርሁም። ግን የመመለሻ ትኬቴ ላይ «ከጎንደር» የሚል ተጽፎበታል። የሒሳብ ሠራተኛው ትኬቱን ወደ ብርሃን አነሣና ሰው በተሞላበት ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ፣ «አንተ የተላክኸው ባሕር ዳር አይደለም እንዴ? ጎንደር ምን አለህ?» አለኝ። ማታውን ቡና የምጠጣበት ቤት ስገባ ባለቤቷ እጄን ይዛ፣ «ምነው ወንድሜ፣ አሞሃል አሉ!» አለችኝ። ጎንደር የሄድሁበት ጉዳይ ምን እንደነበር ዛሬም አልናገርም፤ ሆድ ይፍጀው። የመሥሪያ ቤቱንም ስም አላነሣም። ገንዘቤ ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ተከፈለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል። ከፋዩ «ስንት አወጣህ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፤ የሕዝብ ገንዘብ ነውና። «የት ዋልህ? የት አደርህ? ማን ዘንድ?» የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ችግሩ ሁለቱን ጥያቄ አንድ ብጣሽ ወረቀት የሚመልሳቸው መሆኑ ነው። ይህ ነገር በእኛ አገር መቼ ጀመረ ብዬ ወደ ኋላ ሳይ፣ ከአውቶቡስም ከትኬትም ብዙ ቀድሞ አገኘሁት።

በነገሥታቱ ዘመን በንጉሥ ትእዛዝ የሚጓዝ እንግዳ ስንቅ አይቋጥርም ነበር። እንጀራው፣ ጠላው፣ ሙክቱ ከሚያድርበት መንደር ይወጣል፤ ስሙም ድርጎ ነው። ውሎ አበል ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ከፋዩ ግምጃ ቤት ሳይሆን የገበሬው ጎተራ መሆኑ ነው። ታዲያ ድርጎ የሚበላ እንግዳ የሚደበቅበት የለውም። የት እንዳደረ፣ ስንት ሰው እንዳስከተለ የመንደሩ ሁሉ ወሬ ነው። በዚያ ላይ ባልደረባ ይሰጠዋል። ባልደረባ እንግዳውን ከባለሥልጣን የሚያገናኝ፣ ጉዳዩን የሚያስፈጽምለት ሰው ነው፤ ግን ዐይንም ነው፤ እንግዳው የሚያደርገውን ሁሉ አይቶ ይናገራል። የእንግሊዝ መንግሥት እስረኞቹን እንዲያስፈታ የላከው ሆርሙዝድ ራሳም በ1858 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲመጣ የተጓዘው በዚህ ሥርዓት ነው። ንጉሡ በላኳቸው ሹማምንት ታጅቦ፣ ባላገሩ ባቀረበው ቀለብ እየኖረ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ራሱ እስረኛ ሆነ። የሚመግብህ መንገድህን ያውቃል፤ መንገድህን የሚያውቅም ሲፈልግ ይዘጋብሃል።

በራሱ ገንዘብ የሚጓዘው ነጋዴ ደግሞ ኬላ ነበረበት። በየበሩ ጭነቱ ይፈታል፣ ይቆጠራል፣ ይቀረጣል። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን በ1847 ዓ.ም. አካባቢ እንደጻፈው፣ ቴዎድሮስ ገና በነገሡበት ጊዜ ቀረጥ የሚከፈልባቸውን ቦታዎች በግዛታቸው ውስጥ ሦስት ብቻ እንዲሆኑ አድርገው ነበር። ለነጋዴው ይህ የገንዘብ እፎይታ ብቻ አይመስለኝም። ኬላ በቀነሰ ቁጥር ጭነቱን ፈቶ የሚያይ ዐይንም ይቀንሳል። እኒሁ ንጉሥ በ1860 ዓ.ም. መድፋቸውን እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የሄዱት በእኛው በጋይንት በኩል ነው።

ጽሑፍ ያለው ሕግ ሲመጣ መንገደኛው መብት አገኘ፤ ቢያንስ በወረቀት። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 22 በሕጉ ወሰን ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ የመሄድን ነጻነት ሰጠ፤ አንቀጽ 26 ደግሞ የደብዳቤን ምስጢር ጠበቀ። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የመዘዋወርን ነጻነት ደገመው።

ደርግ መጣ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ ተቋቋመ፤ ከቀበሌው ጋር መታወቂያው፣ ከመታወቂያው ጋር ይለፍ ወረቀቱ ተከተለ። ከአውራጃ አውራጃ የሚሄድ ሰው ከቀበሌው ወይም ከገበሬ ማኅበሩ ወረቀት ይዞ መውጣት ነበረበት፤ ኬላ ላይ ያን አሳይቶ ያልፋል። የእናቱን ተዝካር ሊያወጣ የሚሄደውም፣ ጉልበቱን ሊሸጥ ቆላ የሚወርደውም «ለምን ትሄዳለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት ግድ ሆነበት። ያ ዘመን ያስተማረን መጥፎ ትምህርት ይህ ነው፦ ተጠያቂው ሁልጊዜ መንገደኛው ነው፤ ጠያቂው ግን ለምን እንደሚጠይቅ አይጠየቅም። ይለፉ ከደርግ ጋር ሄደ፤ ልማዱ ግን ሒሳብ ክፍል ውስጥ ቀርቶ እኔን ጠበቀኝ።

ዛሬ ደግሞ ዓለም ወደ ካርድ ሄዷል። ሆንግኮንግ እ.ኤ.አ. በ1997 ኦክቶፐስ የሚባለውን፣ ለንደን እ.ኤ.አ. በ2003 ኦይስተር የሚባለውን የጉዞ ካርድ አወጡ። መንገደኛው በሩ ላይ ካርዱን ነካ ያደርጋል፣ ሒሳቡ ይቆረጣል፣ የገባበት ጣቢያና ሰዓት ይመዘገባል። ለውሎ አበል ጠያቂ ይህ በረከት ነው፤ ትኬት ጠፋብኝ ማለት ቀረ፣ ዝርዝሩን አውጥቶ ማቅረብ ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሥራው መንገድ ከሐኪሙ፣ ከፍርድ ቤቱና ከወዳጁ ቤት መንገድ ጋር ተደባልቆ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የሆንግኮንጉ ኩባንያ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞቹን የግል መረጃ ለሌሎች ድርጅቶች ሰጥቶ 44 ሚሊዮን የሆንግኮንግ ዶላር ማግኘቱ ሲታወቅ ሕዝቡ ተቆጣ፤ ሥራ አስኪያጇም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የለንደኑ ድርጅት በበኩሉ የእያንዳንዱን ካርድ ጉዞ ለስምንት ሳምንት ያህል ከያዘ በኋላ ጉዞውን ከካርዱ ይለያል። ስም ሳያስመዘግቡ ካርድ መያዝም በሁለቱም ከተሞች ይቻላል። እንግዲህ ሒሳብና ገበና የግድ አንድ ላይ የታሰሩ አይደሉም ማለት ነው።

እኛም ከዚህ ሩቅ አይደለንም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያ ወደ ስልክ እየገባ ነው፤ የስልክ ክፍያ ደግሞ ስምና ሰዓት አለው። መልካም ነው፤ በመነኸሪያ ግርግር ገንዘብ ከመሰረቅ አድኖናል። ሕጉም አለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የግል ሕይወትን የሚጠብቀው፣ ቁጥሩ ገጥሞ፣ እንደ ጥንቱ የደብዳቤ ምስጢር በአንቀጽ 26 ነው፤ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገውንም ግንኙነት ይጨምራል። የመዘዋወር ነጻነት አንቀጽ 32 ላይ አለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል።

ሕጉ ግን የሚኖረው ወይም የሚሞተው ሒሳብ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ነው። መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው ከፍሎ ማስረጃ ሲጠይቅ የሚያስፈልገው ቀኑ፣ የሥራው መንገድና ዋጋው ነው፤ የቀረው መስመር ቢሰረዝ ሒሳቡ አይዛባም። ወረቀቱን የሚያየው ሒሳቡን የሚያወራርደው ሰው ብቻ ይሁን፤ ጉዳዩ ሲዘጋም ፋይሉ ይዘጋ። ሌባ ይያዝ፣ አዎ። ነገር ግን አንድ ሐሰተኛ ትኬት ለመያዝ የመቶ ሐቀኛ ሰው ገበና አደባባይ መውጣት የለበትም።

ያቺን የጎንደር ትኬት ዛሬ ሳስብ በሒሳብ ሠራተኛው አልቀየምም። ሥራውን የሠራ መስሎት ነበር፤ ከዚያ ሌላ ያስተማረው ሰው አልነበረም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ለግል ጉዳይ ስሄድ ትኬቴን መንገድ ላይ ቀድጄ መጣል ለመድሁ፤ አንዳንዴም ከሥራው ትኬት ጋር አብሬ እየቀደድሁ የሚገባኝን ገንዘብ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። ወረቀት ይቀደዳል። የካርዱን መዝገብ ግን መንገደኛው ሊቀደው አይችልም፤ ስለዚህ ጠባቂው ሌላ ሰው መሆኑ ግድ ነው።