በወንዝ ስም የተጠሩት መኪኖች

ዛሬ ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ይርመሰመሳሉ። ከዓመታት በፊት ግን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች «አባይ»፣ «ተከዜ» እና «አዋሽ» የሚባሉ መኪኖች ይታዩ ነበር።

የገጣጠማቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ሆላንድ ካር ነው። ስማቸው የአገር ወንዝ፣ አካላቸው ግን ከቻይና የመጣ ነበር። ዕቃው በዶላር ይገዛል፤ መኪናው በብር ይሸጣል። በ2010 መንግሥት የብርን ምንዛሪ ሲቀንስ፣ ቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ውል የገባ ገጣጣሚ ልዩነቱን ከኪሱ ይሸፍናል። በ2013 ሆላንድ ካር ለኪሳራ በቃ።

መንግሥት ኋላ ላይ ሌላ መላ ዘየደ። ከ2022 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ሆነ፤ በከፊል የተገጣጠመው 5፣ ያለቀለት 15 በመቶ እንዲከፍል ተወሰነ። በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ።

ቀረጥ ማንሳቱ ደግ ነው። የድሮው ቁስል ግን አልዳነም፤ ባትሪውም ሞተሩም ዛሬም የሚመጣው በዶላር ነው። በብር የሚሸጥ ፋብሪካ ዶላር ካላገኘ፣ ከቀረጥ ነፃ መብቱ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።