ዳንቴል፣ ሙያና ዋጋ፦ የኪሮሽ አሻንጉሊት በመርካቶ



በኪሮሽ የተሠራ ትንሽ በግ ወይም ዝሆን ለታሪክ ጥናት ምን ይረባል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ ሸማኔውና ስለ ጥጥ ንግድ ብዙ ተጽፏል፤ ቤቷ ተቀምጣ በአንድ መንጠቆ ክር ከክር ስለምታያይዘው ሴት የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ሰነድ በሚያንስበት ስፍራ ቃላት ምስክር ይሆናሉና ከእነርሱ እንጀምር።

“ዳንቴል” እና “ኪሮሽ” ፈረንሳይኛ ናቸው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰበትና ፈረንሳይኛ በትምህርት ቤትም በቤተ መንግሥትም ተሰሚ በነበረበት ዘመን ዙሪያ መፈለግ ያለባቸው ይመስለኛል። “ሹራብ” ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በግብፅ ዛሬም የእግር ልብስ መጠሪያ ሲሆን፣ እኛም “የእግር ሹራብ” ስንል ያንኑ ፍቺ እንጠብቃለን። “ካልሲ” ጣልያንኛ ነው። “መርካቶ”ም እንደዚሁ፤ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወራሪው የፋሺስት አስተዳደር ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ባወጣው ዕቅድ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደምንለው አካባቢ አዛወረው። ገበያው ከወራሪው ወጥቶ የሕዝብ ሆነ፤ ስሙ ግን ቀረ።

ዳንቴል በከተማ ቤት የሶፋ፣ የጠረጴዛና የራዲዮ ልብስ ሆነ። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመርም በየቤቱ እየተገዛ ዳንቴሉን ለበሰ። እዚህ ላይ “ሙያ” የሚለው ቃላችን ልብ ሊባል ይገባዋል። ሐኪሙም መሐንዲሱም ሙያ አላቸው፣ ደመወዝም ይከፈላቸዋል። “ሙያ አላት” የምትባለው ሴት ግን የምትመሰገንበት እንጂ የምትከፈልበት ነገር የላትም። ዳንቴል ለዘመናት ከገበያ ውጭ የቆየው ዋጋ ስላልነበረው ሳይሆን፣ ዋጋው በሙገሳ ይከፈል ስለነበር ነው።

የተሞላው እንስሳ ይህን ልማድ ይለውጣል፤ ለራስ ሳሎን ሳይሆን ለማታውቀው ልጅ ይሠራልና። አሠራሩም ከዳንቴል ብዙ አይርቅም። በስድስት ቋጠሮ ይጀመራል፤ ሁለተኛው ዙር አሥራ ሁለት፣ ሦስተኛው አሥራ ስምንት ይሆናል። በየዙሩ ስድስት እስከተጨመረ ድረስ ሥራው እንደ ሳህን ዝርግ ነው። መጨመር ሲቆም ጎኑ ይነሣል፤ ሲቀነስ ይዘጋል፤ ከመዘጋቱ በፊት ይሞላል። ከሚገባው በላይ ከተጨመረ ደግሞ ጠርዙ ይሞገዳል፤ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዋ የሒሳብ ምሁር ዳይና ታይሚና በ1997 እ.ኤ.አ. ሃይፐርቦሊክ ጂኦሜትሪን በኪሮሽ ያሳየችው በዚሁ ጠባዩ ነው። ጃፓኖች ይህን አሻንጉሊት አሚጉሩሚ ይሉታል። ልጆቻችን ደግሞ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው ኳስ ሲሠሩ ኖረዋል፤ የዘመድ ግንኙነቱን ማንም አልጻፈውም እንጂ ሩቅ አይደለም።

አንድ ነገር አጽንኦት ይሻል። ሹራብን ማሽን ይሠራዋል። ኪሮሽን በትክክል የሚተካ የፋብሪካ ማሽን ግን ገና አልተስፋፋም። ስለዚህ መርካቶ መደብር ውስጥ በርካሽ የሚሸጥ ከውጭ የገባ የኪሮሽ እንስሳ ካየን፣ ርካሹ ማሽኑ አይደለም፤ የሌላ አገር ሴት ጉልበት ነው። የአየርላንድ ሴቶች በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ረሃብ ጊዜ ኪሮሽ እየሠሩ ቤተሰብ አድርገዋል፤ የሚለብሱት ግን ባለጸጎች ነበሩ።

እኛ ዘንድ ክሩም፣ መሙያውም፣ ዓይን የሚሆነው ቁልፍም ዋጋ ተቆርጦላቸዋል። ሰዓቱ ብቻ አልተቆረጠለትም። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች እናቶቻችሁንና አክስቶቻችሁን ብትጠይቁ መልካም ነው፦ ማን አስተማረሽ? ክሩን ከየትኛው ተራ ገዛሽ? የሸጥሽው አለ? ስንት? መልሶቹን በቀንና በቦታ መዝግቡ፤ ድምፁንም አስቀምጡ።

ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።