«ከእንጨት የተወለደ»

ስለ ፔሩና ቦሊቪያ ነባር ሕዝቦች ስናነብ አንድ ነገር ያስገርመናል። በአንዲስ ተራሮች «ኢንዲዮ»ን ከ«መስቲዞ» (ከድብልቁ) የሚለየው የቆዳ ቀለም ብቻ አይደለም። ኬችዋ ተናጋሪው ገበሬ ኩስኮ ገብቶ ልብሱን ከቀየረ፣ ስፓኒሽ ከለመደ፣ ልጁ መስቲዞ ተብሎ ሊያድግ ይችላል። ዘር የሚሉት ነገር መንገድ ላይ ይለወጣል ማለት ነው። ይሄን ለመረዳት ውቅያኖስ መሻገር አያሻንም፤ ጎንደር አራዳ ላይ መቆም ይበቃናል።

ጎንደር መናገሻ ከመሆኗ በፊት አገሩ የአገው ነበር። ቅማንት የዚያው የአገው ወገን ነው። በጭልጋና በከርከር የኖረ፣ አምላኩን መዝገና ብሎ የጠራ፣ በወምበሮቹ መሪነት ከጥንት ዛፎች ሥር የጸለየ ሕዝብ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1760ዎቹ ዓ.ም. ጎንደር ሲቀመጥ፣ ቅማንቶች ለከተማው እንጨት እየተሸከሙ እንደሚያቀርቡ ጽፏል። የከተማው ምድጃ የነደደው በእነሱ ትከሻ ነው። ከተማውስ ምን ከፈላቸው? «ከእንጨት የተወለዱ» ብሎ ሰደባቸው! መልክ ከመልክ አይለይምና፣ ሥራቸውን ወስዶ ትውልዳቸው አደረገው። የወለቃ ቤተ እስራኤሎችም አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ በመሆናቸው «ቡዳ» ተብለዋል፤ ዘዴው ያው ነው።

ታዲያ በቆዳ ያልተጻፈ ልዩነት ሊጣል ይችላል። መጠመቅ፣ አማርኛ መናገር፣ ስም መቀየር። ብዙው ቅማንት ይህንኑ አደረገ፤ ከስድብ ለማምለጥ ያደረገውን ሰው እኛ አንወቅስም። ዋጋው ግን ቋንቋው፣ ቅማንትነይ፣ ሆነ።

የፔሩው ጄኔራል ቬላስኮ ሰኔ 17 ቀን 1961 ዓ.ም. የመሬት ይዞታ ለውጥ ሲያውጅ «የኢንዲዮ ቀን» የሚባለውን በዓል «የገበሬ ቀን» አሰኘው። ስድቡ ቀረ፤ ከስድቡ ጋር ግን የሕዝቡም መጠሪያ ተሸፈነ። በ1967 ዓ.ም. ግን ያው መንግሥት ኬችዋን ይፋ ቋንቋ አደረገ። በዚያው በ1967 እኛም አገር መሬት ለአራሹ ታወጀ፤ ቅማንቱም እንደ ጎረቤቱ «ገበሬ» ተባለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ 15 ቋንቋዎች ሲደርስ ቅማንትነይ አልነበረበትም።

በ1987ቱ ቆጠራ ቅማንት ነኝ ያለው ከ172 ሺህ በላይ ነበር፤ ቅማንትነይ አፍ መፍቻዬ ነው ያለው ግን 1,650 ገደማ! በ1999ኙ ቆጠራ ደግሞ ስሙ ራሱ ከዝርዝሩ ጠፋ። ሰው በስድብ የተጠራበትን ስም መልሶ «የኔ ነው» ብሎ መጠየቁ ለብዙዎች እንቆቅልሽ ሆነባቸው፤ ለእኛ ግን አልሆነብንም። የክልሉ ምክር ቤት በ2007 ዓ.ም. የራስ አስተዳደር ፈቀደ። ከዚያ ክርክሩ ይሄ ቀበሌ የማን ነው ወደሚል ዞረ፤ በ2010 መስከረም በ8 ቀበሌዎች ድምፅ ተሰጠ፤ በእነዚያ ዓመታት አብሮ የኖረ ጎረቤት ደም ተፋሰሰ። ካርታው እንዲህ ሲያጨቃጭቅ፣ ቅማንትነይ በጭልጋ ዙሪያ ባሉ ጥቂት ሽማግሌዎች አፍ ላይ ነበር የቀረው።