«የጉዞ ሠርግ»፦ አልጋ የሚቆጠርበት ድግስ

ሙሽሮቹ አዲስ አበባ ይኖራሉ፤ ወላጆቻቸውም እንዲሁ። ግማሹ ዘመድ ሜሪላንድ ነው። የጥሪ ካርዱ ግን «ሀዋሳ፣ ሐይቅ ዳር» ይላል። ፈረንጆች «ዴስቲኔሽን ዌዲንግ» የሚሉት ይህንን ነው፦ ከሁለቱም ወገን መኖሪያ ርቆ፣ ሙሽሮቹ ለውበቱ በመረጡት ቦታ የሚደገስ ሠርግ። ቃሉ በሠርግ አዘጋጆችና በቪዲዮ አንሺዎች አፍ እንዳለ ገብቷል። እኔ «የጉዞ ሠርግ» ብዬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶቻችን «ዴስቲኔሽን»ን «መዳረሻ» ካሉት ቆይቷልና «የመዳረሻ ሠርግ» የሚል አማራጭ መምጣቱ አይቀርም። ጆሮ ላይ ግን ይደናቀፋል። የፋሲካ መዳረሻ ስንል ፋሲካ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ማለታችን ነው። የሠርግ መዳረሻም ጌሾ የሚወቀጥበትና በርበሬ የሚቀነጠስበት ሰሞን ነው። «የመስክ ሠርግ» ብንለው ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛውን እናሳስተዋለን፤ መስክ የወጣ ሰው አበል ይጠብቃል፣ እዚህ ግን ኪሱን የሚዳብሰው ራሱ ተጓዡ ነው። «ጉዞ» ሁሉም የሚያውቀው ቃል ነው፤ ዕድምተኛው ምን እንደሚጠብቀውም ሳይሸፋፍን ይነግረዋል።

መጓዝማ ለሠርጋችን አዲስ ነገር አይደለም። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ በበቅሎ ወንዝ ተሻግሮ ሙሽሪት ቤት ይሄድ ነበር። ዛሬም ለአክስት ልጅ ሠርግ ደብረ ማርቆስ ወይም ወልድያ ድረስ የሚነዳ ሞልቷል። በዚያ መንገድ ማብቂያ ላይ ግን ቤት አለ፤ ዳስ የተጣለበት፣ እናት ደጅ ቆማ «ግቡ፣ ግቡ» የምትልበት፣ ማታ ፍራሽ ተነጥፎ አሥር ሰው ጎን ለጎን የሚተኛበት። በጉዞ ሠርግ ይህ ቤት የለም። የሙሽራው አባትና የሙሽሪት እናት ሳይቀሩ እንደ ዕድምተኛው ሻንጣቸውን ይዘው ሪሴፕሽን ፊት ይሰለፋሉ። ደጋሹም እንግዳ ነው።

በዚህ መለኪያ ቢሾፍቱ ላይ የተደገሰ ሠርግ፣ ሐይቁ ምንም ቢያምር፣ ለአዲስ አበቤ የጉዞ ሠርግ አይባልም፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ያድራል። ሀዋሳ ግን 275 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ማደር ግድ ነው። ሌላው ዓለም ይህን ሠርግ በብዛት የሚያያይዘው ከደሴት ጋር ነው፤ ከካሪቢያን፣ ከባሊ፣ ከሳንቶሪኒ፣ ከዛንዚባር። እኛ ዘንድ ደሴት ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ጣና ነው፤ የጣና ደሴቶች ደግሞ የገዳም አገር ናቸው። ክብራን ገብርኤል ጭራሽ ሴት አይገባበትም፤ ሙሽሪት ከጀልባ ሳትወርድ ልትቀር ነው። ስለዚህ የእኛ ሙሽሮች ደሴቱን ትተው ዳርቻውን መረጡ። ኃይሌ ገብረሥላሴ የመጀመሪያውን ሪዞርቱን የሠራው በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ነው፤ ዛሬ በዳርቻው የሠርግ ድንኳን መትከያ ሣር ያላቸው ሆቴሎች በርካታ ናቸው።

አሁን ወደ አልጋው። የእኛ ጥሪ ካርድ «ከነባለቤትዎ» ይላል፤ የተጠራው ሰው «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» ብሎ መልስ የመስጠት ልማድ የለውም። ደጋሹም በግምት ይደግሳል፤ ሰው ከበዛ እንጀራ ይጨመራል፣ ወንበር ከጎረቤት ወይም ከዕድር ይመጣል። ይህ ልማድ ያኮራል፤ ሐይቅ ዳር ሲደርስ ግን አይሠራም። ሆቴሉ ያለው ክፍል የተቆጠረ ነው፣ ቅድሚያ ክፍያም ይጠይቃል። ዝም ያለ ዕድምተኛ ወይ የተከፈለበት ባዶ አልጋ ያስቀራል፣ ወይ ሌሊት ሻንጣ ይዞ ከተማውን ሲዞር ያድራል። የጉዞ ሠርግ ከዕድምተኛው የሚፈልገው ትልቁ ነገር ስጦታ ሳይሆን መልስ ነው። ካርዱ በደረሰ ሰሞን ስልክ ደውሎ ስንት ሆኖ እንደሚመጣ መናገር፣ የማይመጣም ከሆነ ያንኑ መናገር። አለመሄድ ነውር መሆን የለበትም፤ ሌላውን ሰው ሩቅ መንገድና የሆቴል ወጪ ውስጥ የከተተ ደጋሽ ይቅርታውንም አብሮ ማዘጋጀት አለበት።

«ማን ይከፍላል?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ያሳፍረናል። በፈረንጆቹ ዘንድ ብዙ ጊዜ ዕድምተኛው መጓጓዣውንና አልጋውን ራሱ ይችላል፤ ደጋሹ የሚችለው ምግቡንና መጠጡን ነው። እኛ ጋ ደግሞ ጠርቶ ማስከፈል አፍ አውጥተው የማይሉት ነገር ነው። ስለማይባልም ዕድምተኛው «ተይዞልኛል» ብሎ ይሄዳል፣ ሙሽሮቹ «ይይዛል» ብለው ይተኛሉ። ለሽማግሌዎችና ለቅርብ ዘመድ ሙሽሮቹ አልጋ ይያዙ፤ ለሌላው ካርዱ ላይ «ማረፊያ በራስዎ» ብለው በግልጽ ይጻፉ። አንድ መስመር ናት፤ ብዙ ቅያሜ ታስቀራለች። ጓደኛማቾች ተሰባስበው ኮስተር ቢከራዩ ደግሞ ወጪው ይቀላል፣ መንገዱም ገና ከቃሊቲ ጀምሮ ሠርግ ሠርግ ይሸታል።

የቀኑ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ጾም ስለሌለ፣ ሠርግ በሠርግ ላይ ይደራረባል። ከውጭ የሚመጣው ዘመድ ደግሞ የልጆች ትምህርት ሲዘጋ፣ በሐምሌ ነው የሚመቸው። ሐምሌ 19 ግን የገብርኤል ንግሥ ነው፤ ሀዋሳ ገብርኤል ከየአገሩ ምእመን የሚጎርፍበት ቀን ስለሆነ አልጋ መርፌ ይሆናል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላም አለ፤ ዩኔስኮ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው በዓል ነው። ቀኑን ኮከብ አይተው የሚቆርጡት አያንቶዎች በመሆናቸው በቋሚ ቀን አይውልም፤ ሕዝቡ ወደ በዓሉ አደባባይ ወደ ጉዱማሌ ሲወጣ ከተማው ይሞላል። ሠርጉ ከነዚህ ቀኖች በአንዱ ከዋለ አልጋ ከወራት በፊት መያዝ ነው። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ደግሞ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉለት፤ «8 ሰዓት» የሚለውን ማታ መስሎት ሠርጉ ካለቀ በኋላ ለብሶ የሚደርስ እንዳይኖር።

ተክሊል ያላቸው ሙሽሮች ከሆኑ ሥርዓቱ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሐይቁ ዳር ያለው ድግሱ ብቻ ነው። የትኛው የት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ አንዳንዶች ተክሊሉን አዲስ አበባ ፈጽመው ለድግሱ ይወርዳሉ።

መንገዱ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ ያልፋል። የሞጆ–ሀዋሳ ፈጣን መንገድ እስከ ባቱ ያለው ክፍል አገልግሎት ይሰጣል፤ ፈጣኑ መንገድ ካበቃበት ወዲያ ያለው አሮጌው መንገድ ጋሪ፣ ባጃጅና ከብት የሚጋፉበት ነው። በሠርጉ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስቶ እደርሳለሁ ማለት ሻሸመኔ ላይ ክራቫት ማሰር ነው። በዋዜማው በማለዳ መነሳት፣ ከጨለመ አለመንዳት። አውሮፕላንም አለ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ከተማ ከገቡ በኋላ ለባጃጅ ሹፌር «ሐይቅ ዳር» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ሐይቅ ዳር የአንድ ሙሉ ክፍለ ከተማ ስም ነው። የሆቴሉን ስም ይንገሩት።

ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ በብዙ ዝቅ ስለሚል ቀን ይሞቃል፣ ማታ ደግሞ ከውሃው ነፋስ ይነሳል። ለጥልፉ የተመረጠው የሐበሻ ቀሚስ ጫፉ ሣር ላይ እንደሚጎተት፣ ቀጭን ተረከዝ ጫማም እርጥብ መሬት ውስጥ እንደሚሰምጥ አስቦ መልበስ ነው። ነጠላ ለብርድም ለወባ ትንኝም ትጠቅማለች። ወባ ደጋ ላለ ሰው የሚረሳ ነገር ነው፤ እዚህ ግን አለ። በአጎበር መተኛት፣ ማታ ክንድና ቁርጭምጭሚት ላይ የትንኝ መከላከያ ቅባት መቀባት፣ ከተመለሱም በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዘ ሳይዘገዩ መመርመርና ሀዋሳ እንደነበሩ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ሐይቁ ሲያዩት ይጋብዛል፤ አይዋኙበት። ብልሃርዝያ አለበት፣ ጉማሬም አለበት። ጉማሬ ለማየት ጀልባ መከራየት ይቻላል፤ ውሃው ረጋ በሚልበት ጠዋት፣ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሶ። ሙሽሪትን በጀልባ አስመጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ አሁን ፋሽን ሆኗል፤ ጃኬቱ ፎቶ ያበላሻል ብሎ የሚያስወልቅ አንሺ ካለ ሚዜዎቹ ይከልክሉት።

ትርፍ ጠዋት ያለው ሰው አሞራ ገደል ይሂድ። ዓሣ አጥማጆቹ ያወጡትን ቆሮሶና አምባዛ እዚያው ይገፍፋሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ተቆጣጣሪ ቆመው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ፤ ጦጣዎቹ ደግሞ የሚጣልላቸውን አይጠብቁም፣ ከእጅ ይነጥቃሉ። ሾርባውና ጥብሱ ግሩም ነው። ጥሬውን ዓሣ የሚወዱ አሉ፤ እኔ ግን በሠርግ ዋዜማ አልመክርም።

ስጦታን በተመለከተ፣ ምንጣፍና የብርጭቆ ስብስብ ጭኖ 275 ኪሎ ሜትር መሄድ አያስፈልግም። ብር በፖስታ ይበቃል። ዕቃ ልስጥ ያለም የመልሱ ድግስ የት እንደሆነ ይጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ አዲስ አበባ፣ የሙሽሪት ወላጆች ቤት ስለሆነ ዕቃውን እዚያው ማድረስ ይቻላል።